የማርታ ጣሳና የእኔ ብርድ ልብስ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ አልፎ ሃምሳው ሳይወጣ፣ የበልጉ ዝናብ የአሰላን መንገድ ሁሉ ጭቃ ባደረገበት ሰሞን ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኖራ ለማታውቅ ሴት ስል የቀበሌያችንን አዳራሽ አተራመስኩት።

ሳተራምስ የምታውቁኝ ሴት አይደለሁም። ወሬ አላበዛም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ከአንቺ ጋር መጣላት አይቻልም፤ ሰው ተናግሮ መልስ ሲጠብቅ ይመሻል» ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን መልሱ ሳልጠየቅ ወጣ። ለዚያውም በጩኸት።

ነገሩ የሚጀምረው ከመምህር ታደለ ነው። መምህር ታደለ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራየሁት ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከጎጃም ቆላ ተመድቦ ስለመጣ የአሰላ ብርድ ጠላቱ ነበር። ጭላሎ ላይ ደመና ባየ ቁጥር ኮሌታውን ያቆማል። የተማሪዎቹን ደብተር እኔ ቤት የከሰል ማንደጃው ዘንድ ቁጭ ብሎ ያርማል። አርሞ ሲጨርስ ወደ ብርዱ ከመመለስ ወሬ ይሻለዋል። እኔ ደግሞ አላወራም። ስለዚህ ኮሌጅ ሳለ ያነበበውን መጽሐፍ ይተርክልኝ ጀመር። መጽሐፉ በእጁ የለም፤ በጭንቅላቱ ነው ይዞት የመጣው።

አገሩ ሩቅ ነው። መንግሥቱ አንድ አዋጅ አውጥቷል፤ ከቤቱ ተወስዶ የሄደ ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ስሙ አይጠራም። አልጋው ይፈርሳል። የበላበትና የጠጣበት ዕቃ ከቤት ይጠፋል። ተቆጣጣሪዎች እየዞሩ ዕቃ ያያሉ፤ ከነዋሪው ቁጥር በላይ ጣሳ የተገኘበት ቤት ጉዱ ፈላ። እዚያ አገር ማርታ የምትባል እናት አለች። ልጇን ወስደውባታል። ሁሉን ነገር አስረክባ ጣሳውን ብቻ ዱቄት ውስጥ ቀበረችው። ተቆጣጣሪዎቹ በመጡ ቁጥር ዱቄቱን ታቦካለች፤ እጇ ሊጥ ውስጥ እያለ ማን ይነካታል?

ይህን ሲነግረኝ ምስር እለቅም ነበር። ለቀምኩ ልበል እንጂ በዚያ ሰሞን ስንት ጠጠር እንደበላን እግዚአብሔር ያውቃል።

በመጨረሻ ጣሳው ተገኘ። ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላትና፣ «ወርውሪው፤ ልጅ የለኝም ብለሽ ተናገሪ» አላት። መምህሩ እዚህ ሲደርስ ዝም አለ። ሰፌዱን አስቀመጥኩ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከእኔ አልፎ ምሰሶውን አየ።

«ከዚያማ፣ በሩ ተንኳኳ። ልጁ ነው። ‹እማዬ፣ ውኃ ስጪኝ› አለ። በጣሳው ቀድታ ሰጠችው።»

«ተቆጣጣሪውስ?»

«ተቆጣጣሪውማ... አፍሮ ሄደ።»

ተቆጣጣሪ አፍሮ ሲሄድ እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ቢሆንም አልጠረጠርኩም። «ተመስገን!» ብዬ ሰፌዱን መልሼ አነሣሁ።

ለምን እንዳልጠረጠርኩ ልንገራችሁ። ልጄ ደረጀ በዚያን ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። የሚጠጣበት የቆርቆሮ ጣሳ ምሰሶው ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም አይነካውም፤ እንግዳ ቢበዛ፣ ብርጭቆ ቢያንስ አይነካም። የኋላውን አትጠይቁኝ። ያን ጊዜ እኔም የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

እንግዲህ ማርታን ወደድኳት። ወድጃት ዝም ብል ጥሩ ነበር፤ ግን በጸሎቴ አስገባኋት። ከደረጀ ቀጥሎ ማርታን እጠራለሁ። በኋላ ስህተት እንዳይሆን ፈርቼ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ መጽሐፍ ውስጥ ላለች ሴት ይጸለያል?»

«የማን ገድል ነው?»

«ገድል አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው።»

ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። «ልጇን የምትጠብቅ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«እንደዚያ ከሆነች የሚደርሳት አይጠፋም፤ ጸልዪ» አሉኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ፤ ሰውን ማስጨነቅ አያውቁም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ከአፌ ቃል እንደ ጥርስ የሚነቀል ሴት፣ ማርታ ላይ ስደርስ አንደበቴ ይፈታል። በእኔ አፍ ማርታ ወፈር ያለች፣ ነጠላዋን የምታጣፋ፣ ጾም የማትሽር ሆነች። መንደሯም ጋሪ የሚርመሰመስበት፣ ከብርዱ የተነሣ ሰው በጠዋት የሚያጨስ የሚመስልበት ሆነ። የጋሪ ነጂው ኦቦ ከድር ጆንያ ሊጭን ቆሞ ሰማና በነጋታው ፈረሱን አቁሞ ጠየቀኝ።

«የደረጀ እናት፣ ጣሳዋን አገኙባት እንዴ?»

«ገና ነው። ሊጥ ውስጥ ናት።»

«ጎበዝ ሴት! አላህ ይሸፍናት!»

መምህር ታደለ ይህን የሰማ ቀን ቀለሙ ጠፋ። «እማማ፣ እባክዎ ይህን ወሬ ወፍጮ ቤት አያውሩት።»

«ምነው? ሩቅ አገር አይደል?»

«ሩቅ ነው» አለ። አለና በሩን ዞር ብሎ አየ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሩቅ መሆኑ ቀረ።

ወሩ ሳይወጣ ፊልሙ መጣ። ከወዳጅ አገር የተላከ፣ የኢምፔሪያሊዝምን ጭካኔ የሚያጋልጥ ፊልም ነው ተብሎ ተለፈፈ። የሚናገሩት እንግሊዝኛ ስለሆነ መምህር ታደለ በማይክሮፎን እንዲተረጉም ታዘዘ። ማታ እንደ ሕመምተኛ ሆኖ መጣ።

«እማማ፣ ፊልሙ እኮ የማርታ ነው። መጽሐፉን ነው ፊልም ያደረጉት።»

እልል አልኩ። ሙሽራ የመጣችብኝ ነው የመሰለኝ።

«አይምጡ» አለኝ።

«ለምን?»

«ፊልምና መጽሐፍ አንድ አይሆኑም።»

ትርጉሙ እንዳይጠፋበት በእኔ ፊት አፍሮ ነው አልኩ። መቅረትስ የት ይቻላል? ስም ይጠራል። በዚያ ላይ ብርድ ልብስ አምጡ ተብለናል። ማታ ማታ መብራት ስለሚጠፋ ፊልሙ በቀን ነው የሚታየው፤ አዳራሹ ደግሞ በግራና በቀኝ ሙሉ መስኮት ነው። ስለዚህ በግድግዳው ርዝመት ገመድ ተዘርግቶ የነዋሪው ብርድ ልብስ ተሰቀለ። የእኔ ከሁሉ ወፍራሙ ነበር፤ ባለ ቀይ ጠርዝ፣ የሠርጌ። እንዳይቀየርብኝ ከሥሩ ያለውን አግዳሚ ወንበር ያዝኩ። የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢዋ ጓድ አልማዝ ከጎኔ ተቀመጠች። ኦቦ ከድር ከኋላዬ ነው።

መብራት ጠፋ። አንዲት ሴት ታየች፤ ቀጭን፣ ጸጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ፣ ሱሪ የለበሰች። ሲጋራ ለኮሰች።

የማርታ ጎረቤት ትሆናለች ብዬ ዋናዋን መጠበቅ ያዝኩ። ሌላ ሴት አልመጣችም። መምህሩ በማይክሮፎን፣ «ማርታ ይህቺ ናት» አለ። ድምፁ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ኦቦ ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የደረጀ እናት፣ ወፍራም ናት አላልሽኝም?»

«ከስታለች። ኀዘን ነው።»

«ሲጋራውስ?»

«ብርዱ ነው» አልኩት። ሰው ወዳጁን እንዲህ ሆኖ ሲያገኘው ምን ይላል?

እየቆየ ግን ተናደድኩ። ዱቄቱ የለም፤ ሊጡ የለም። ዕቃውን የደበቀችው ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ነው። ዕቃው ራሱ ጣሳ አይደለም፤ አበባ የተሣለበት ብርጭቆ ነው። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ጣሳ ቢጥሉት አይሰበርም፤ ይሰረጉዳል እንጂ። ብርጭቆ ግን ገና ሲያዩት ልብ ያስፈራል።

ተቆጣጣሪው መጣ። ብርጭቆውን አገኘ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«‹ስበሪው› አላት» አለ መምህሩ። ቆየት ብሎ፣ «‹ልጅ የለኝም በይ› አላት።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔ ብቻ አልፈራሁም፤ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አሁን በሩ ይንኳኳል። ጆሮዬን አቆምኩ። ማርታ ብርጭቆውን አነሣች። በሩ ዝም አለ። እጇን ከፍ አደረገች። በሩ ዝም አለ።

«በሩ!» ብዬ ተነሣሁ። «ቆዪ ማርታ! በሩ ይንኳኳል እኮ!»

ስነሣ አግዳሚ ወንበሩ በእነ ጓድ አልማዝ በኩል ከበደና ተንጋደደ። እንዳልወድቅ ያገኘሁትን ያዝኩ፤ ያገኘሁት የሠርጌን ብርድ ልብስ ነው። ብርድ ልብሱ ገመዱን፣ ገመዱ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱ ቀጣዩን ይዞ በዚያ በኩል ያለው ብርድ ልብስ ሁሉ ሴቶቹ ላይ ወረደ። የከሰዓቱ ፀሐይ ባንድ ጊዜ ገባ። ሸራው እንደ ታጠበ ነጠላ ነጣ። ማርታም፣ ተቆጣጣሪውም፣ በሩም ጠፉ። ድምፁ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ ነገር ቅሽሽ ብሎ ተሰበረ።

«ምንድን ነው የተሰበረው?» አሉ ሰዎቹ። «መምህር፣ ምን ሆነ? ተርጉም እንጂ!»

ታደለ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቆሟል። በእንግሊዝኛ አንዲት ሴት ትናገራለች፤ እሱ ብቻ ነው የሚሰማት። ከብርድ ልብሱ ክምር መካከል ሆኜ አየሁት። እሱም አየኝ።

«መስኮት ነው» አለ።

«የምን መስኮት?»

«ልጁ ነው። ልጁ መጣ። በሩ... በሩ ተቆልፎ ስለነበር በመስኮት ገባ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ ኦቦ ከድር፤ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረው።

እኔ አላጨበጨብኩም። ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት የማርታን እጅ አይቼዋለሁ። ወደ ታች እየወረደ ነበር።

ልጄ ላይ አንድ ነገር የወደቀ መሰለኝ። ያን ሁሉ ማታ የተደገፍኩት የልጁ መምጣት መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ነው። ታደለ ነው ከራሱ የሠራልኝ።

በዚህ መሐል ጓድ አልማዝ ጸጉሯ ተበታትኖ ከብርድ ልብስ ሥር ወጣች። «አሻጥር ነው!» አለች። «ሆን ተብሎ የተሠራ አሻጥር ነው! ጓድ ሊቀመንበር፣ ‹በሩ ይንኳኳል› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፊልሙን ማን ቀድሞ ነገራት? ደግሞ ትርጉሙም ይጣራ! በሩ ሲቆለፍ አላየንም። የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ተመልሶ ይታይ!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየው ነው። «ብርድ ልብሱ ይሰቀል፤ ይደገም» አለ። ወደ ታደለ ዞሮም፣ «ጓድ መምህር፣ ከቦታህ አትንቀሳቀስ» አለው።

ታደለ የማይክሮፎኑን ገመድ በእጁ ይጠመጥም ነበር። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር ኳኳታው በድምፅ ማጉያው ለሁላችንም ይሰማል። ፊልሙ ቢደገም ሕዝብ ፊት በውሸት የተረጎመ ሰው ሊሆን ነው። ለዚህ ደግሞ በዚያ ዘመን ምን ስም እንደሚሰጥ፣ ስሙ የተሰጠው ሰውም ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የአንዲት እናት ልጅ ነው። እናቱ ጎጃም ተቀምጣ፣ እሱ እኔ ጓሮ።

«የደረጀ እናት፣ ይምጡና ለምን እንዳወረዱት ለሕዝቡ ያስረዱ» አለ ሊቀመንበሩ።

መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። በብዙ ሰው ፊት ቆሜ የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ነጠላዬን አጣፋሁ። ሃምሳ ባይሆን ኖሮ እሰግድ ነበር። ውሸት አልወድም፤ የማውቀውን ሁሉ ተናገሪ ያለኝ ግን የለም።

«ብርድ ልብሱ የራሴ ነው» አልኩ። «ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ወንበሩ ተንጋዶ ነው።»

«‹በሩ ይንኳኳል› ያሉትስ?»

«ልጄ ሰሜን ነው። ድምፁ ጠፍቶኛል። እኔ ቤት በሩ ይንኳኳል እያልኩ ነው የማድረው። እናት ‹ልጅ የለኝም› በይ ስትባል መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሣሁ። በድዬ ከሆነ ይቅር በሉኝ።»

እኔ ዘንድ ደግሞ ይቅርታ ከተጠየቀ በኋላ ሳይመረቅ አይወረድም። ማቆም ሲገባኝ እጆቼን ዘረጋሁ።

«የታመመውን ይማርልን።»

«አሜን» አሉ ከፊት ያሉት አሮጊቶች።

«የታሰረውን ያስፈታልን።»

ይህቺኛዋ ሾልካ ነው የወጣችው። ወትሮ የምንለው ነው፤ ግን የት ቆሜ እንደምለው ረስቼዋለሁ። «አሜን» አለ አዳራሹ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም።

ሊቀመንበሩ በመፈክር ሊያቋርጠኝ ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ።

«ሰሜን ያሉትን ልጆች ሁሉ፣ የእኔንም፣ የእናንተንም፣ በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን።»

«አሜን!» «አሚን!» ኦቦ ከድር ደግሞ በኦሮምኛ «ሃ ታኡ! ሃ ታኡ!» አለ፤ ይሁን ማለቱ ነው። ጓድ አልማዝ ፊቷን በብርድ ልብስ ጫፍ ሸፍናለች። ሊቀመንበሩ ያነሣው እጅ አየር ላይ እንዳለ ተፈታ፤ መዳፉ ወደ ላይ ተዘረጋ።

«አሜን» አለ። ታናሽ ወንድሙ ከደረጀ ጋር በአንድ መኪና ነው የሄደው።

የራሱን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ። ሳል አስመሰለ። «ማለቴ... ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለ። እሱንም «አሜን» አልንለት።

«ፊልሙን መልሰን እናሳያለን ወይ?» አለ ፊልሙን የሚያዞረው ሰው።

ሊቀመንበሩ ሸራውን አየ፤ ታደለን አየ፤ እኔን ሳያይ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። «ምን ይደገማል? ልጁ ገብቷል ተብሎ ተተርጉሟል፤ ገብቷል። እናንተም ብርድ ልብሳችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ሊዘንብ ነው።» አለና አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በር ወጣ።

ተቆጣጣሪ አፍሮ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር። አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታደለ ብርድ ልብሴን ተሸክሞልኛል። ጭቃው ጫማችንን እየያዘ ያስቀረን ነበር።

«ከመጀመሪያውም ብርጭቆ ነበር?» አልኩት።

«ብርጭቆ ነበር፣ እማማ።»

«ሰበረችው?»

«ሰበረችው።»

«ልጁስ?»

«መጽሐፉ ስለ ልጁ ከዚያ ወዲያ አያነሣም።»

«ሞተ ይላል?»

«አይልም።»

«መጣ ይላል?»

«እሱንም አይልም።» ቆመ። «ያን ዕለት ሰፌዱን አስቀምጠው ሲያዩኝ... ምሰሶው ላይ ያለውን ጣሳ አየሁት። አልቻልኩም። ይቅር ይበሉኝ።»

ምን ይቅር እላለሁ? ውሸት አልወድም ብያለሁ፤ ይህን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መጽሐፉ ዝም ያለበት ቦታ ላይ አንድ ልጅ አስገባልኝ። እኔ በዚያ ልጅ ብዙ ማታ ተኝቼ አድሬያለሁ።

«ና፣ ሳይዘንብብን እንግባ» አልኩት።

በማግስቱ ሰኞ ማልጄ ተነሣሁ። ጸሎቴን አደረስኩ። ማርታን ከጸሎቴ አላወጣኋትም፤ ሲጋራዋንም፣ የሰበረችውንም ይዤ ጠራኋት፤ እንዲያውም አሁን ይብሳል የሚያስፈልጋት። ከዚያ የደረጀን ጣሳ ከሚስማሩ አወረድኩ። ውስጡ አቧራ ይዟል። በአመድና በሙቅ ውኃ አጠብኩት። ወተት አፈላሁና ሞላሁት፤ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። የመምህሩን በር አንኳኳሁ።

ኮሌታውን አቁሞ ከፈተ። ጣሳውን አየው።

«እማማ፣ ይህ እኮ የደረጀ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»